የድሮን ሬዲዮ ተቀባይ የሲግናል ጥንካሬና የቴሌሜትሪ አዘገጃጀት፦ ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ ተገልጋዮች

መግቢያ

ድሮን ወይም ሰው አልባ የበረራ መሣሪያ ከአብራሪው ትእዛዝ የሚቀበለው በሬዲዮ ሞገድ አማካኝነት ነው። ሞገዱ በተራራ፣ በገደል ወይም በዛፍ ሲጋረድ ትእዛዙ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚፈጽመው ከመነሳቱ በፊት የተሞላለትን መመሪያ ብቻ ነው። መመሪያው በትክክል ካልተሞላ ድሮኑ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሊጠፋ፣ ከገደል ጋር ሊላተም ወይም በሰው፣ በእንስሳትና በንብረት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የሚገኘው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲደርስ፣ በስተምዕራብ ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ 1,800 ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል። በመካከሉ ያለው መሬት በሸንተረር፣ በሸለቆና በገደል የተከፋፈለ ነው። በዚህ ምክንያት በመሣሪያው ካርቶን ላይ የሚጻፈው የበረራ ርቀት፣ እንቅፋት በሌለበት ገላጣ ስፍራ የተለካ በመሆኑ፣ ለዚህ አካባቢ እንደ ዋስትና ሊወሰድ አይገባም።

ይህ መረጃ ድሮን ለትምህርት፣ ለቅየሳ፣ ለቪዲዮ ቀረጻ ወይም ለመዝናኛ ለመጠቀም የሚፈልጉ ተገልጋዮች የሲግናል ጥንካሬን እንዴት እንደሚያነቡ፣ ቴሌሜትሪን እንዴት እንደሚያዘጋጁና ግንኙነት ሲቋረጥ መሣሪያው በደህና እንዲመለስ ምን መሙላት እንዳለባቸው ያስረዳል።

1. በቅድሚያ ሊሟላ የሚገባው ፈቃድ

ከዚህ በታች የተዘረዘረው የቴክኒክ ዝግጅት ፈቃድን አይተካም። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሣሪያው ማነስ ወይም ለመዝናኛ ብቻ መዋሉ ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው ዋና ዋና ተቋማት የሚከተሉት ናቸው፦

– የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፦ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና የተቋቋመ ሲሆን፣ ከድሮን ማስገባትና መጠቀም ጋር የተያያዘውን የደህንነት ፈቃድ የሚመለከት ተቋም ነው።
– የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፦ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ሲሆን፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምንና የሬዲዮ መሣሪያዎችን ተቀባይነት ይቆጣጠራል።
– የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፦ የአየር ክልል አጠቃቀምንና የበረራ ደህንነትን ይቆጣጠራል።

ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በመግቢያ ኬላ ሊያዝ ስለሚችል፣ ተገልጋዮች መሣሪያውን ከመግዛታቸው ወይም ከውጭ አገር በዘመድ ከማስላካቸው በፊት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ፈቃድ ያገኘ ሰውም ቢሆን በሚበርበት ወረዳ ለሚገኘው አስተዳደርና የጸጥታ አካል አስቀድሞ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በሰማይ ላይ የሚታይ ድሮን የማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ከመሬት ሆኖ ለመለየት አይቻልም። ሳይታወቅ የሚደረግ በረራ ነዋሪውን ያስደነግጣል፤ አብራሪውንም ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

2. መሠረታዊ ቃላት

ሬዲዮ ተቀባይ፦ በድሮኑ ላይ የሚገጠምና ከአብራሪው መቆጣጠሪያ የሚላከውን ትእዛዝ የሚቀበል አነስተኛ መሣሪያ ነው።

የሲግናል ጥንካሬ፦ ተቀባዩ የሚያገኘው የሬዲዮ ኃይል መጠን ነው። በመሣሪያዎች ላይ ብዙውን ጊዜ አርኤስኤስአይ ተብሎ ይጠራል።

የግንኙነት ጥራት፦ ከተላኩት የመረጃ እሽጎች መካከል ሳይበላሹ የደረሱት በመቶኛ ሲገለጹ ነው።

ቴሌሜትሪ፦ ድሮኑ ስለራሱ ሁኔታ፣ ማለትም ስለ ባትሪው ቮልቴጅ፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ሳተላይት ብዛትና ስለ ሲግናሉ ወደ አብራሪው መልሶ የሚልከው መረጃ ነው።

የመቋረጥ መመሪያ፦ ግንኙነት ሲጠፋ ድሮኑ በራሱ እንዲፈጽመው አስቀድሞ የሚሞላለት ትእዛዝ ነው። በተለምዶ ፌልሴፍ ይባላል።

3. የሲግናል ጥንካሬ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው በዲቢኤም ሲሆን፣ ዜሮ ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ነው። ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ኃይል እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ንባቡ ከዜሮ በታች ይሆናል። ለምሳሌ −90 ዲቢኤም የአንድ ዋት አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ስለዚህ −60 ከ−90 የተሻለ ሲግናል መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሁለት ቀላል ደንቦች ንባቡን ለመረዳት ያግዛሉ። አንደኛ፣ ንባቡ በ3 ዴሲቤል ሲቀንስ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ እንቅፋት በሌለበት ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ በ100 ሚሊዋት የሚያስተላልፍ መቆጣጠሪያ፣ የአንቴናው ተጨማሪ አቅም ሳይታሰብ፣ በ1 ኪሎ ሜትር −80 ዲቢኤም ገደማ ያደርሳል፤ በ2 ኪሎ ሜትር −86፣ በ4 ኪሎ ሜትር ደግሞ −92 ይሆናል። ይህ ቀስ ያለ ቅነሳ ነው። ድሮኑ ከሸንተረር ጀርባ ሲገባ ግን ሲግናሉ በሰከንዶች ውስጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊወርድ ይችላል።

ሁሉም መሣሪያዎች በዲቢኤም አይገልጹም። አንዳንዶቹ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር ያሳያሉ፤ ይህም ሁልጊዜ መቶኛ ማለት አይደለም። ለምሳሌ በኦፕንቲኤክስ በሚሠሩ መቆጣጠሪያዎች የመነሻ ማስጠንቀቂያው 45፣ አስጊ የሚባለው ደረጃ ደግሞ 42 ነው። አንድ ተጠቃሚ 45ን «ገና ግማሽ ያህል ቀርቷል» ብሎ ከተረጎመው ድሮኑን ሊያጣ ይችላል።

የሲግናል ጥንካሬ ብቻውንም በቂ አይደለም። በአካባቢው ሌላ አስተላላፊ ካለ ጥንካሬው ጥሩ መስሎ የግንኙነት ጥራቱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መመልከት፣ መሣሪያው የሚያሳይ ከሆነም ሲግናሉን ከጩኸቱ ጋር ማነጻጸር ይገባል። ሲግናሉ −85፣ ጩኸቱ −100 ዲቢኤም ከሆነ ልዩነቱ 15 ዴሲቤል ነው። ልዩነቱ ወደ 10 ዴሲቤል ሲጠጋ ድሮኑን መመለስ ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ነው።

4. የአካባቢው መልክዓ ምድር የሚያስከትለው ተጽዕኖ

ሸንተረርና ገደል፦ የሬዲዮ ሞገድ በድንጋይና በአፈር ውስጥ አያልፍም። አብራሪው ድሮኑን በዓይኑ የማያየው ከሆነ ሲግናሉም አስተማማኝ አይደለም። በተጨማሪም በሁለቱ መካከል ቀጭን መስመር ብቻ ክፍት መሆኑ አይበቃም። በ2.4 ጊጋኸርዝ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ሞገዱ በዋናነት የሚያልፍበት ስፍራ 5.6 ሜትር ገደማ ራዲየስ አለው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው ከእንቅፋት ነጻ ሊሆን ይገባል። ከገደል አፋፍ ሆኖ ወደ ሸለቆ የሚያበር ሰው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል አፋፉ ራሱ ሲግናሉን ይጋርድበታል።

ዛፍና እርጥበት፦ በክረምት የሚዘንበው ዝናብ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲግናል ላይ በራሱ የሚያስከትለው ቅነሳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የረጠበ ቅጠል ግን ሲግናሉን አጥብቆ ይውጣል። በዓለም ሳጋ ደን አካባቢም ሆነ በየመንደሩ ባለው የባሕር ዛፍ ተክል፣ በበጋ ያለ ችግር የተደረገ በረራ በክረምት ሊቋረጥ ይችላል።

ከፍታና ነፋስ፦ በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ በ4,000 ሜትር ደግሞ በሲሶ ገደማ። ፕሮፔለሮቹ ድሮኑን ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር ስላለባቸው ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በላይ ጋይንት የምትገኘው ነፋስ መውጫ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ በከፍታ ላይ ያለው ነፋስም ቀላል አይደለም። ከነፋስ ጋር ሄዶ ነፋስን ተቃውሞ የሚመለስ ድሮን ለመመለሻው ከመሄጃው የበለጠ ባትሪ ይፈልጋል።

5. የፍሪኩዌንሲ ምርጫ

ለመቆጣጠሪያና ለቴሌሜትሪ በብዛት የሚሠራባቸው ፍሪኩዌንሲዎች 433 ሜጋኸርዝ፣ 868 ሜጋኸርዝ፣ 915 ሜጋኸርዝና 2.4 ጊጋኸርዝ ናቸው፤ 5.8 ጊጋኸርዝ ደግሞ በአብዛኛው ለቪዲዮ ይውላል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ በርቀት የሚባክነው ኃይል አነስተኛ ነው። በተመሳሳይ ርቀት የ433 ሜጋኸርዝ ብክነት ከ2.4 ጊጋኸርዝ በ15 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። በአንጻሩ አንቴናው ረዘም ይላል፤ በሞገዱ ዙሪያ የሚያስፈልገው ክፍት ስፍራም ይሰፋል።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው 915 ሜጋኸርዝ የሚል ጽሑፍ ያለበት መሣሪያ ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የተሠራው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል ለዚህ ዓይነት አገልግሎት ለተፈቀደበት ለአሜሪካ አህጉር ነው። ኢትዮጵያ የምትገኘው በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምድብ አንድ ሲሆን፣ በዚህ ምድብ እስከ 915 እና ከ925 ሜጋኸርዝ በላይ ያሉት ክፍሎች የ900 ሜጋኸርዝ ሞባይል ስልክ አገልግሎት የሚሰጥባቸው ናቸው። በመሆኑም መሣሪያው ስልክን ሊያውክ፣ በስልክ ማማም ሊታወክ ይችላል። የስልክ ማማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተከሉት በኮረብታ አናት በመሆኑ፣ አብራሪዎች ለእይታ የሚመርጡት ስፍራም ይኸው ስለሆነ፣ ችግሩ በደጋማ አካባቢ ይበልጥ ያጋጥማል። ማንኛውም ተገልጋይ የመሣሪያውን ፍሪኩዌንሲና የማስተላለፊያ ኃይል ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቅርቦ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

6. የቴሌሜትሪ አዘገጃጀት ቅደም ተከተል

የሚከተለው ሥራ ሁሉ ፕሮፔለሮቹ ከተነቀሉ በኋላ መከናወን አለበት።

ሀ. አንቴና መግጠም፦ አስተላላፊውን ያለ አንቴና ማብራት መሣሪያውን ሊያቃጥል ስለሚችል አንቴናው አስቀድሞ ይገጠማል። ተቀባዩ ሁለት አንቴና ካለው በ90 ዲግሪ ተለያይተው ይታሰራሉ። አንቴናዎቹ ከካርቦን አካል፣ ከባትሪና ከሞተር ሽቦ መራቅ አለባቸው። በአብራሪው በኩልም የአንቴናው ጫፍ ወደ ድሮኑ መጠቆም የለበትም፤ ሲግናሉ እጅግ ደካማ የሚሆነው በጫፉ አቅጣጫ ነውና።

ለ. ሽቦ ማገናኘት፦ የተቀባዩ መላኪያ ከበረራ ሰሌዳው መቀበያ ጋር፣ የተቀባዩ መቀበያ ደግሞ ከሰሌዳው መላኪያ ጋር ተሻግሮ ይገናኛል። የኤሌክትሪክ አሉታዊው መስመር የጋራ መሆን አለበት።

ሐ. ማጣመር፦ መቆጣጠሪያውና ተቀባዩ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይጣመራሉ። ከዚያም በመቆጣጠሪያው የቴሌሜትሪ ገጽ ላይ ሴንሰሮችን የመፈለግ ትእዛዝ ሲሰጥ የሲግናል ጥንካሬና የባትሪ ቮልቴጅ ንባቦች መታየት አለባቸው።

መ. የሲግናሉን ምንጭ መምረጥ፦ በበረራ ሰሌዳው ሶፍትዌር ላይ የሲግናል ጥንካሬው ከየት እንደሚነበብ ይመረጣል። በአርዱፓይለት ሶፍትዌር ከተቀባዩ ዲጂታል መስመር፣ ከአንድ የትእዛዝ ቻናል ወይም ከቮልቴጅ መለኪያ ፒን እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል። ምንጩ ካልተመረጠ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም።

ሠ. ራሱን የቻለ የቴሌሜትሪ ሬዲዮ ካለ፦ በድሮኑና በኮምፒውተሩ ላይ የሚገጠሙት ሁለቱ ሬዲዮዎች አንድ ዓይነት የመረብ መለያ ቁጥርና አንድ ዓይነት የአየር ላይ ፍጥነት ሊኖራቸው ይገባል። በስፋት የሚታወቁት ሲክ የተባሉ ሬዲዮዎች ከሰሌዳው ጋር በመነሻ መቼታቸው በ57,600 ፍጥነት ይገናኛሉ፤ የመረብ መለያቸውም 25 ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ከአንድ በላይ ቡድን የሚለማመድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እያንዳንዱ ቡድን ይህን ቁጥር መቀየር አለበት።

ረ. ድምፅ ያለው ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀት፦ የአብራሪው ዓይን በድሮኑ ላይ መሆን ስላለበት ማስጠንቀቂያው በድምፅ ይሁን። ለባትሪ፣ ለሲግናል ጥንካሬና ለግንኙነት ጥራት የተለያየ ድምፅ መስጠት ይመከራል። በሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሙሉ ሴል 4.2 ቮልት ሲሆን፣ በደጋ ሴሉ 3.5 ቮልት ከመድረሱ በፊት ለመመለስ የሚያስችል ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

7. የመቋረጥ መመሪያና የመመለሻ ከፍታ

ተቀባዩ ግንኙነት ሲጠፋ «የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘህ ቀጥል» ተብሎ ከተሞላ ድሮኑ ወደፊት ሲበር ከነበረ ወደፊት መብረሩን ይቀጥላል። ይህ አሠራር በማንኛውም ሁኔታ መወገድ አለበት። ተመራጩ፣ ድሮኑ ግንኙነት መቋረጡን አውቆ ወደ ተነሳበት ቦታ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ለዚህም ከመነሳቱ በፊት በቂ ሳተላይት አግኝቶ የመነሻ ቦታውን መመዝገቡ መረጋገጥ አለበት።

በደቡብ ጎንደር ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በመመለሻ ከፍታ ላይ ነው። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ከፍታ የሚቆጠረው ከመነሻ ቦታው እንጂ ከድሮኑ ሥር ካለው መሬት አይደለም። ሲግናሉን የቆረጠው ሸንተረር ደግሞ ብዙ ጊዜ በመመለሻው መንገድ ላይ የቆመው ያው ሸንተረር ነው። በአርዱፓይለት ባለ ብዙ ሞተር ድሮን የመነሻ መቼቱ 15 ሜትር ሲሆን፣ ይህ ከጎለመሰ ባሕር ዛፍ እንኳ ሊያንስ ይችላል።

ምሳሌ፦ በመነሻ ቦታውና በበረራው ስፍራ መካከል ያለው ሸንተረር ከመነሻው በ60 ሜትር ይበልጣል እንበል። በላዩ ያሉት ዛፎች 25 ሜትር ከሆኑ እንቅፋቱ 85 ሜትር ይሆናል። 20 ሜትር መጠባበቂያ ሲጨመርበት የመመለሻ ከፍታው ቢያንስ 105 ሜትር መሆን አለበት። ይህ ከፍታ በፈቃዱ ላይ ከተገለጸው የሚበልጥ ከሆነ መፍትሔው ከፍታውን መጣስ ሳይሆን ወደ ሸንተረሩ ቀርቦ ሌላ የመነሻ ቦታ መምረጥ ነው።

8. ከበረራ በፊት በመሬት ላይ የሚደረግ ፍተሻ

– ፕሮፔለሮቹ ተነቅለው መቆጣጠሪያው ይጠፋል፤ ድሮኑ የመቋረጥ መመሪያውን መጀመሩ በስክሪን ላይ ይረጋገጣል።
– መቆጣጠሪያው የርቀት መፈተሻ ስልት ካለው ኃይሉ ተቀንሶ፣ አምራቹ በሚያዘው ርቀት፣ ብዙ ጊዜ 30 ሜትር አካባቢ፣ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ መቆየቱ ይታያል።
– ድሮኑ በሁሉም አቅጣጫ ዞሮ ንባቡ ይመዘገባል። በአንድ አቅጣጫ በጉልህ የሚወርድ ከሆነ አንቴናው በባትሪ ወይም በአካሉ ተጋርዷል ማለት ነው።
– ቪዲዮ አስተላላፊውና ካሜራው በርተው ፍተሻው ይደገማል፤ እነርሱ ራሳቸው ተቀባዩን ሊያውኩ ይችላሉና።
– የመጀመሪያው በረራ በቅርብ ርቀት ተደርጎ የተመዘገበው መረጃ ይመረመራል፤ ርቀቱ ከዚያ በኋላ በደረጃ ይጨመራል።

9. በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

የሲግናል ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ምን ይደረግ?
ድሮኑን ወደፊት መንዳት ማቆም፣ ባለበት ቦታ ከፍ ማድረግና የመጣበትን መንገድ ተከትሎ መመለስ ይገባል። ወደ ታች ማውረድ ብዙውን ጊዜ ሲግናሉን ይበልጥ ያጠፋዋል።

ኃይለኛ አስተላላፊ መግዛት ችግሩን ይፈታል?
በሸንተረር የተጋረደ ሲግናል ኃይል በመጨመር አስተማማኝ አይሆንም። ኃይልን በአራት እጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ማስተላለፍም በሕግ ያስጠይቃል። ገላጣና ከፍ ያለ የመነሻ ቦታ መምረጥ የተሻለ ውጤት አለው።

ቴሌሜትሪው ተቋርጦ ድሮኑ ግን ትእዛዝ የሚቀበል ከሆነስ?
ከድሮኑ የሚመለሰው ሲግናል በአብዛኛው ከመቆጣጠሪያው ያነሰ ኃይል ስላለው ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ይህ የመመለስ ምልክት ተደርጎ መወሰድ አለበት።

ድሮኑ ከጠፋ ምን ይደረግ?
በቴሌሜትሪው የተመዘገበው የመጨረሻ መገኛ ይያዛል፤ ለአካባቢው አስተዳደርና ለፖሊስ ወዲያውኑ ይገለጻል። ገደል ውስጥ ብቻን ገብቶ መፈለግ አይገባም። ነዋሪዎችም ወድቆ ያገኙትን መሣሪያ ሳይነኩ ለቅርብ የጸጥታ አካል እንዲያሳውቁ ይመከራል።

10. ለማመልከቻ የሚያግዙ መረጃዎች

ተገልጋዮች ወደሚመለከታቸው ተቋማት ሲቀርቡ የመሣሪያውን አምራችና ሞዴል፣ መለያ ቁጥሩን፣ ክብደቱን፣ የመቆጣጠሪያውን፣ የቴሌሜትሪውንና የቪዲዮውን ፍሪኩዌንሲና የማስተላለፊያ ኃይል፣ የበረራውን ዓላማ፣ ወረዳና ቀበሌ እንዲሁም ጊዜ በጽሑፍ አዘጋጅተው ቢይዙ ጉዳያቸው ይቀልላቸዋል። የመቋረጥ መመሪያውና የመመለሻ ከፍታው እንዴት እንደተሞላ የሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወሻ ማያያዝም አመልካቹ በኃላፊነት ለመብረር መዘጋጀቱን ያሳያል።

ማሳሰቢያ፦ አንድ ድሮን ለመብረር ዝግጁ ነው የሚባለው ሲነሳ ብቻ ሳይሆን፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ የት እንደሚሄድና በምን ከፍታ እንደሚመለስ አብራሪው በእርግጠኝነት ሲያውቅ ነው። ይህን መመለስ የማይችል አብራሪ በረራውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይኖርበታል።